ሠላሳና ስልሳ

ሐምሌ ሦስት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስምንት፣ ሐሙስ

ድንቅቱ ከኦዴሳ ያመጣችልኝን ደብተር ዛሬ ጀመርኩት። ወረቀቱ በሳጥን በሳጥን የተሰመረ ነው፤ ለሒሳብ እንጂ ለፊደል የታሰበ አይደለም። ሁለት ዓመት ሳልነካው አስቀምጬ ልጅቷን ማሳዘኔ ግን ይበቃል።

በአዳሪ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተማሩን አለቃ ተድላ «ሰው ሳታስተዋውቂ ወሬ አትጀምሪ» ይሉ ነበር። እነሆ፦ እኔ ጌጤነሽ እባላለሁ፤ አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ትባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ድንቅቱ የሟቹ ወንድሜ የአመዩ ልጅ ናት። ስድስት ዓመቷ ላይ እጄ ገባች። አዳዳ ትለኛለች፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። በቤቴ የተፈቀደ አንድ የኦሮምኛ ቃል ቢኖር ይህ ነው። አክስት በይኝ ብላት ያን ጊዜ ሦስት ቀን አለቀሰች።

ሶቪየት ኅብረት፣ ኦዴሳ ከተማ ስድስት ዓመት ተምራ ተመልሳ አሁን እዚሁ ፊዚክስ ታስተምራለች። ዛሬ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ደረሳት። ለዶክትሬት ወደ ኦዴሳ እንድትመለስ የጀመረችውን ጥናት በአማርኛ፣ በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ፣ እስከ ነሐሴ አምስት ለነጻ ትምህርት ዕድል ኮሚቴው ማቅረብ አለባት። የትምህርት ቤቱ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ከተበላሸ ቆይቷል።

«አዳዳ፣ ያላንቺ አይሆንልኝም» አለች።

«ስንት ዓመት ነው የምትቆዪው?»

«ሦስት።»

ይህን አላስደገምኳትም።


ሐምሌ አምስት፣ ቅዳሜ

ጥናቷ ምን እንደሆነ ሳልረዳ አንድ መስመር እንደማልጽፍ ነገርኳት። ከባሕር ወለል በታች፣ በደለሉ ውስጥ በረዶ አለ፤ በረዶው ውስጥ ጋዝ አለ ትላለች። ቀልድ መሰለኝ። ተነስታ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ አመጣች።

«እይው። ጋዙ የት አለ?»

«አይታይም።»

«አለ። ግፊቱ ይዞት ነው።» ክዳኑን ስታላቅቀው ውሃው ገንፍሎ የጠረጴዛ ልብሴን አራሰው። «ባሕሩ ክዳኑ ነው አዳዳ። ከታች ግፊትና ቅዝቃዜ ሲበዛበት ጋዙ ከውሃው ጋር ይጋገራል፣ በረዶ ይሆናል። ክብሪት ብትለኩሺበት ይነዳል።»

«በረዶ?»

«በረዶ። መርከብ ላይ በእጄ ይዤዋለሁ። ሲቀልጥ ድምፅ አለው። ጆሮሽን ጠጋ ካደረግሽ ይንሾካሾካል።»

የጠረጴዛ ልብሱን ላሰጣው ብዬ ወጣሁ።

ማታ ስሙ ላይ ተከራከርን። እሷ ሃይድሬት ይባል አለች። የጋዝ በረዶ ይባል አልኩ። እኔ ረታሁ።


ሐምሌ አሥር፣ ሐሙስ

ከኦቦ ገቢሳ ሱቅ ለንጹሕ ግልባጩ የሚሆን ወረቀት ገዛሁ። «የቀረኝ ይሄው ነው፣ ስልሳ ሉክ» አለኝ። ቤት ገብቼ ስቆጥር ሠላሳ ነው። ተመልሼ ሄድኩ።

«ገቢሳ፣ በሽበትህ አታፍርም? ስልሳ ብለኸኝ!»

«ሠላሳ ነው ያልኩዎት መምህርት።»

«ስልሳ!»

ሱቁ ውስጥ ጨው ሊገዙ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። እሱም ሳቀ። «በቋንቋችን ብነግርዎ ኖሮ ባልተጣላን። ሶዶማና ጃታማ የሚምታታበት ጆሮ ገና አልተፈጠረም። ወይስ ጆሮዎም እንደ እርስዎ ጡረታ ወጣ?»

ሶዶማ ሠላሳ ነው፤ ጃታማ ስልሳ። እኔ ግን በሱቅ የሁለት ቋንቋ ቅልቅል አልወድም አልኩት። በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። ወይም ሰላም ብለውኛል።


ሐምሌ አሥራ ሦስት፣ እሑድ

የአመዩን ሙት ዓመት አስበን ከደንዲ ተመለስን። እግሬ በጭቃ አልቋል። ግን መጻፍ አለብኝ።

ከመቃብሩ ስንመለስ ድንቅቱ ወደ ደንዲ ሐይቅ አፋፍ ወሰደችኝ። ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። በታች ውሃው፣ ከማዶ ገደሉ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ «አመዩ!» ብላ ተጣራች። የእጅ ሰዓቷን አየች።

«ሥራዬ ይሄ ነው አዳዳ። ከመርከብ ላይ ድምፅ እንለቃለን። የባሕሩ ወለል ይመልሰዋል። ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜና የድምፁን ፍጥነት ካወቅሽ ርቀቱን ትገምቻለሽ። ከወለሉ መልስ በኋላ ደግሞ ከሥር ሌላ መልስ ይመጣል፤ ወለሉ ሲወርድ የሚወርድ፣ ወለሉ ሲወጣ የሚወጣ። የበረዶው መጨረሻ እዚያ ነው።»

ደግማ የአባቷን ስም ጠራች።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አልኩ፤ ራሴንም ነቀነቅኩ።

«ስንቴ መለሰ?»

«አንዴ።»

አየችኝ። «ሁለቴ ነው። ሁለተኛው ቀጠን ይላል።»

«እሱንም ሰማሁ። አልቆጠርኩትም።»

ክንዴን ይዛ ቁልቁለቱን አወረደችኝ። እስከ ጊንጪ ድረስ በአውቶቡስ ውስጥ እጄን አልለቀቀችም። ለአባቷ አዝና መሆን አለበት።


ሐምሌ አሥራ ስምንት፣ ዓርብ

ሁለት ገጽ። ሁለት ክርክር።

አንደኛ፦ የሚመለሰውን ድምፅ «የገደል ማሚቶ» እንበለው አልኩ። «ባሕር ውስጥ ገደል አለ፣ ማሚቶ ግን የለችም» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ተመላሽ ድምፅ» አልነው።

ሁለተኛ፦ «ግምት» የሚለው ቃል አስፈራት። ኮሚቴው በደመ ነፍስ የተናገርኩ ይመስለዋል አለች። ግምት ሁለት ነገር ነው አልኳት። አንዱ ያላዩትን መመዘን ነው፤ ሌላው ሰውን ማክበር። ግምት የሰጡትን ነገር ነው በጥንቃቄ የሚገምቱት።

«ይሄንንም ጻፊው» አለች።

«ይሄ ማስታወሻ ነው፣ ጥናቱ ውስጥ አይገባም።»

ስናወራ አንድ የኦሮምኛ ቃል አመለጣት። «በአንድ ቋንቋ» አልኩ፤ ሳላስበው። ከንፈሯን ገጠመች፤ ትንሽ ሳለች እንደምታደርገው።

በአዳሪ ትምህርት ቤታችን አንድ የኦሮምኛ ቃል ያመለጣት ልጅ ቀኑን ሙሉ እንዳትናገር ትቀጣ ነበር። እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀጥቻለሁ። ድንቅቱን አራት ጊዜ ቀጥቻለሁ። ይህን ለምን አሁን እንደምቆጥር አላውቅም።


ሐምሌ ሃያ ስድስት፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ቆርቆሮው ያብዳል። ቁጥሮቹ ላይ ደረስን።

ረቂቋ በሩስኛ የተሞነጫጨረ ስለሆነ እሷ እያነበበች ነው የምጽፈው። ቁጥር በአኀዝ አልጽፍም። «አኀዝ ይሸሻል፣ ፊደል ግን ይቆማል» ይሉ ነበር አለቃ ተድላ። ለአንዲት የተሳሳተች አኀዝ ጣቴን በማስመሪያ መትተውኛል።

«አዳዳ፣ ቁጥሮቹን እራሴ ላስገባቸው?»

«በእኔ ግልባጭ ላይ ሁለት እጅ አይገባም።»

የተጠናው ቦታ ስፋት፦ ሁለት መቶ ሚሊዮን ካሬ ሜትር። የበረዶው ንብርብር ውፍረት፦ ስልሳ ሜትር። አንዴ ነው የጠየቅኳት። ጮክ ብላ ተናገረች። ዝናቡ ባይኖር እንኳ ትጮኽ ነበር፤ ሰሞኑን ለምን እንደምትጮኽብኝ አልገባኝም።


ነሐሴ ሁለት፣ ዓርብ

ግልባጩ አለቀ። ሃያ ሦስት ገጽ፣ አንድ ስርዝ የለውም።

አንድ ስሕተት አገኘሁባት። የንብርብሩ ጠቅላላ ይዘት ስድስት ሺህ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው ብላ አስጽፋኛለች። እኔ ልማዴ ነው፣ አባዝቼ አየሁት። ሁለት መቶ ሚሊዮን በስልሳ ሲባዛ አሥራ ሁለት ሺህ ሚሊዮን ነው። ደጋግሜ ሠራሁት። የደከማት ልጅ ናት፣ ሌሊቱን ስትሠራ ታድራለች፤ ላሳፍራት አልፈለግኩም። ያን ገጽ እንደገና ገልብጬ አስተካከልኩላት። አልነገርኳትም።

በስተርጅናዬ የዶክተር ሒሳብ አረምኩ። ትንሽ ደስ ብሎኛል፤ ይቅር ይበለኝ።


ነሐሴ ሦስት፣ ቅዳሜ

በጠዋት ሄደች። በር ላይ «ከመስጠቴ በፊት አንዴ ላንብበው?» አለች።

«የኔን ጽሑፍ?» አልኳት።

ሳቀች። «ያንቺን ማን ያርማል!» አለችና ጥቅሉን ሳትፈታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።


ነሐሴ አሥራ አንድ፣ እሑድ

በስልክ ቤት በኩል መልእክት መጣ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ሀብተሥላሴ በጥናቱ እጅግ ተደስተዋል፤ ሐሙስ መጥታ በቃል ታብራራ ብለዋል። ድንቅቱ አቅፋ አዞረችኝ። በዚህ ዕድሜዬ።

ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አየሁት። ማንጠልጠያው መሰፋት አለበት። ነገ እሰፋዋለሁ።

(አልሰፋሁትም።)


ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ዓርብ

ትናንት ማታ በመጨረሻው አውቶቡስ መጣች። በስብሳለች። እንዴት ነበር ስላት «ትንሽ ጥያቄ አለ» ብላ ተኛች።

ዛሬ ከአጥሩ ውጭ ከኦቦ ገቢሳ ጋር ቆማ አየኋት። ስለ ሻንጣ የጠየቃት ይመስለኛል። ፊቷ ወደ እኔ ስለነበር የአፏን እንቅስቃሴ ተከተልኩ፦ «ግዴለም፣ እዚሁ አስተምራለሁ።»

እዚሁ። ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ፣ በውሃ ላይ እንዳለ አረፋ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ፊቷን አየሁትና ደስታዬ አስቀየመኝ።


ነሐሴ ሃያ፣ ማክሰኞ

ማንጠልጠያውን ልሰፋ ሻንጣውን ከፈትኩ። የኔ ግልባጭ እዚያ አለ። ተመላሽ ሆኗል።

አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ «ስልሳ» ከሚለው ሥር በቀይ ቀለም ሁለት መስመር። ከጠቅላላው ይዘት ሥር ሁለት መስመር። በዳር ላይ፦ «ሰሌዳ ላይ ራሷ ስትሠራው ሠላሳ ሆነ። ቁጥሩ በእጥፍ ያበጠው ለምንድነው?»

ከሥሩ ድንቅቱ ለኮሚቴው የጻፈችው የመልስ ቅጂ፦ «ስሕተቱ የራሴ ነው። የሌላ ሰው እጅ የለበትም።»

ረቂቋን አመጣሁ። ሩስኛ አላነብም፤ አኀዝ ግን በየትም አገር አኀዝ ነው። ሠላሳ ይላል። የሸሸው ፊደሉ ነው።

ያልሰማ ጆሮ ከጎረቤት ያጣላል ይባላል። የኔ ግን ከጎረቤት አልፎ ልጄን በሐሰተኛነት አስጠረጠራት። ዝናቡ አልነበረም። ገቢሳ ሱቅ ዝናብ አልነበረም። ደንዲ ላይ ፀሐይ ነበር። ከአራት ዓመት ጀምሮ፣ ገና ጡረታ ሳልወጣ፣ የኋላ ወንበር ተማሪዎች ሲመልሱ «መልካም» እያልኩ አሳልፍ ነበር። ትክክል ይሁኑ አይሁኑ ሳላውቅ። እኔ!

እና አንድ ሌላ ነገር። «ሦስት ዓመት» ስትል ግን ጥርት ብሎ ተሰምቶኝ ነበር።


ነሐሴ ሃያ አንድ፣ ረቡዕ

ነገርኳት። ቆሜ ነገርኳት፣ ተማሪ ሆኜ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከደንዲ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺስ ለምን ራስሽን ነቀነቅሽ?»

ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተቀመጠች፤ በግራ በኩል፤ በግራዬ የተሻለ እንደምሰማ እኔ እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

«ለኮሚቴው ለምን እውነቱን አልነገርሽም?»

«ምን ልበላቸው? መምህርት ጌጤነሽ አትሰማም ልበል? ይህን ከተማ ፊደል ያስቆጠረች ሴትዮ?»

«በዚህ ምክንያት ትቀሪያለሽ?»

«እዚህ መቅረት ቅጣት አይደለም አዳዳ።»

«ውሸታም መባል ግን ቅጣት ነው» አልኳት። «ሰኞ አብረን እንሄዳለን። አይሆንም እንዳትዪኝ፤ ብትዪም አልሰማም።»

ያን ጊዜ ሳቀች። እንባዋም መጣ።


ነሐሴ ሃያ ስድስት፣ ሰኞ። አዲስ አበባ፣ የዘመድ ቤት

ሳይረሳኝ ልጻፍ።

አምስት ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ። ጓድ ሀብተሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው «እማማ፣ ይቀመጡ። ይህ ፍርድ ቤት አይደለም» አሉ።

«እኔም ተከሳሽ አይደለሁም። ፈተና ልፈተን ነው የመጣሁት። ጠመኔ ይሰጠኝ።»

ግልባጩ የኔ መሆኑን፣ ጠቅላላ ይዘቱን የለወጥኩትም እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ቃል ብቻ አይበቃም። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ሠላሳና ስልሳን እንደፈለጉ እያፈራረቁ ስድስት ጊዜ እንዲጠሩልኝ ጠየቅኳቸው። የምሰማውን እጽፋለሁ አልኩ።

ድንቅቱ «አዳዳ ተዪው» ስትል ከንፈሯን አየሁ። ዞርኩ።

ስድስት ጊዜ ጻፍኩ። ጨርሼ ስዞር ማንም አላየኝም፤ ሁሉም ጠረጴዛውን ያያሉ።

«ስንት አገኘሁ?»

አንዱ ብዕሩን አገላበጠ።

«ውጤት ይነበባል እንጂ አይደበቅም።»

«ሁለት፣ እማማ» አሉ ጓድ ሀብተሥላሴ።

ከስድስት ሁለት። በኔ ክፍል ይህ ውጤት ከክፍል ክፍል አያሳልፍም። ድሮ በእኛ ጊዜ ስድሳ እንጂ ስልሳ አይባልም ነበር ልል ነበር፤ ሰበብ መሆኑን አውቄ ዋጥኩት።

ከጫፍ የተቀመጠ አንድ ወጣት ሰው፣ ኩምሳ የሚሉት፣ የወለጋ ልጅ፣ እጁን አወጣ። «አንድ ጊዜ እኔ ልጥራላቸው?» ሊቀ መንበሩ ፈቀዱ። እንደገና ዞርኩ።

ሶዶማ። ጃታማ። ጃታማ። ሶዶማ። ጃታማ። ሶዶማ።

ስድስቱንም አገኘሁ። አለቃ ተድላ ባፌ እንዳይወጡ የከለከሉኝ ቃላት እንደ ጠጠር አንድ በአንድ ጆሮዬ ውስጥ ወደቁ።

«ልጄ ቁጥር አላሳበጠችም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያሳበጥኩት። እሷ የደበቀችው የኔን ጆሮ ነው።»

ጓድ ሀብተሥላሴ ቀይ ብዕራቸውን ከደኑ። «ሠላሳ ሜትር እንደ ስልሳ አያስደስትም» አሉ። ቀጥሎም ድንቅቱን እያዩ፣ «ግን እውነቱ አንቺ ሰሌዳ ላይ የሠራሽው ነው። አሥራ ሰባተኛው ገጽ ተስተካክሎ ይቅረብ» አሉ።

እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩት። ከእያንዳንዱ ቁጥር በፊት ድንቅቱ በግራ ጆሮዬ በኦሮምኛ ትነግረኛለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። «ሶዶማ» አለች። ሠላሳ፣ ብዬ ጻፍኩ። በስተመጨረሻ ብዕሩን ሰጠኋት። ያን ገጽ ሁለት እጅ ጻፈው።


ጳጉሜን ሦስት፣ ሰኞ

ተፈቅዶላታል።

የሻንጣው ማንጠልጠያ ተሰፋ። በድርብ ክር።

ኦቦ ገቢሳ መጥቶ «በር ሲንኳኳ እንዴት ሊሰሙ ነው?» አለኝ። ጠዋት ጠዋት የቆርቆሮ በሩን በዱላ ሊደበድብልኝ ቃል ገብቷል። ወዲያው ሞከረው፤ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። ስለ ወረቀቱ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ስንት ነበር በመጨረሻ?» አለኝ፣ ሊያስቀኝ። «ሶዶማ» አልኩት። ባርኔጣውን አነሳልኝ።


መስከረም ስምንት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ፣ ሐሙስ

አውቶቡስ ተራ። ጭቃው ደርቋል፣ አደይ በየቦዩ ዳር አለ።

በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሳ። መስታወቱ ተዘግቷል። አንድ ነገር ተናገረች፤ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ራሴ ሊነቀነቅ ነበር። ልማድ ነው። ያዝኩት። እጄን ግራ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ በዚያ ሁሉ ተሳፋሪና ተማሪዬ በነበረ ሰው ፊት፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ባፌ ያልወጣውን ጥያቄ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ፦

«ማል ጄቴ?» ምን አልሽ ማለት ነው።

መስታወቱን በሁለት እጇ ታግላ ከፈተችው። ግማሽ አካሏ ውጭ ወጣ፤ ረዳቱ ተቆጣ። አንዴ በአማርኛ አለችኝ፣ አንዴ በኦሮምኛ።

ሁለቱንም ሰማሁ። ሁለቱንም ቆጠርኩ።